ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ሰማዕት (1791–1855)

ከስማዳና ከእስቴ ቆላ ዓባይን ተሻግሮ ያለው የእነብሴ ምድር የመርጡለ ማርያም አገር ነው። ብፁዕ ገብረ ሚካኤል በዚያ አጠገብ፣ ዲቦ በተባለች መንደር፣ በ1791 ዓ.ም. ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው)። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ቢጠፋም ከትምህርት አልገታቸውም፤ በመርጡለ ማርያም መነኰሱ፤ ኋላም በጎንደር ከታወቁት ሊቃውንት አንዱ ሆኑ።

በዚያን ዘመን ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ካራ፣ ቅባትና ጸጋ ተባብለው ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ መራራ፣ አንዳንዴም የመሳፍንቱ ጠብ የገባበት ቢሆንም፣ ተማሪው የአንዱን መምህር ቃል ከሌላው ጋር አስተያይቶ ለመመርመር ይችል ነበር። አባ ገብረ ሚካኤልም ከገዳም ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን የመረመሩት በዚሁ ልማድ ነው። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት ጋር ሄደው፣ ከአቡነ ያዕቆብ (ዩስጢኖስ ዴ ያኮቢስ) ጋር ሮማን አይተው ተመለሱ። ሆኖም ወዲያው አልወሰኑም፤ የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት በ1844 ነው። በጓላ ተማሪዎችን ሲያስተምሩ ቆይተው በ1851፣ በ60 ዓመታቸው ገደማ፣ ቅስና ተቀበሉ።

በ1854 ካሳ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው በአገሩ አንድ ትምህርት ብቻ እንዲነገር አዘዙ። አባ ገብረ ሚካኤል በጎንደር ከአራት ባልንጀሮቻቸው ጋር ታሰሩ፤ አቡነ ያዕቆብም ከአገር ተባረሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸፍን መናገር ይገባናል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሥልጣን ወደ እኛ ወገን ባዘነበለ ጊዜ የተደረገው ከዚህ አልተለየም፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሡ በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ፤ የካቶሊክ ስምም ለብዙ ዘመን የሚያስፈራ ሆኖ ቀረ። የ1854ቱ ትእዛዝም ያስገኘው አንድነት የአፍ ብቻ ነበር። ጸጋና ቅባት ከሸዋና ከጎጃም አልጠፉምና፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1878 በቦሩ ሜዳ እንደገና ጉባኤ መጥራት ግድ ሆነባቸው። በመካከሉ ስንት መምህር የሚያምነውን በልቡ ይዞ ዝም እንዳለ ማን ይቈጥረዋል?

አባ ገብረ ሚካኤል ግን ዝም አላሉም። ግርፋቱ ካላስካዳቸው በኋላ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር ተጓዙ። በግንቦት 1855 በንጉሡ ፊት ለፍርድ ቀርበው እምነታቸውን ደግመው መሰከሩ፤ ሞት ተፈረደባቸው። በዚያ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለ ሕይወታቸው ለመነ፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ነሐሴ 28 ቀን 1855 በጉዞ ላይ፣ እግራቸው እንደ ታሰረ፣ ጨረጫ ገባባ በተባለ ስፍራ ዐረፉ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ ጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው።