ክሎድ ቤክ፦ የቆመውን ልብ ዳግም ያስመቱት ቀዶ ሐኪም

እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ አንድ የ14 ዓመት ታዳጊ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ደረቱን ለማስተካከል ቀዶ ሕክምና ይደረግለት ነበር። ዋናው ሥራ ተጠናቆ ቁስሉ በመሰፋት ላይ ሳለ የታዳጊው የልብ ምት በድንገት ቆመ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው አጋጣሚ ከሞት የሚለይ አልነበረም። ዶክተር ክሎድ ቤክ ግን ደረቱ ዳግም እንዲከፈት አድርገው ልቡን በእጃቸው መጭመቅ ጀመሩ።

ቤክ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1894 በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ በድንጋይ ከሰል ማውጫነቷ በምትታወቀው ሻሞኪን ከተማ ነው። በ1921 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክሊቭላንድ አቅንተው በዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ያዙ። በ1935 ከደረት ጡንቻ ከፊሉን ከልብ ጋር በመስፋት፣ የደም ሥሮቹ ለጠበቡበት ልብ አዲስ የደም ምንጭ ለመፍጠር ሞከሩ።

ለብዙ ዓመታት የተከታተሉት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ደም ለጊዜው የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ በእርግጥ ሞቷልን? በርካታ ልቦች ሥራ የሚያቆሙት ጡንቻቸው ስለ ሞተ ሳይሆን የምታቸው ሥርዓት ስለ ተናጋ ነበር። በዚህ ጊዜ የልብ ጡንቻዎች ሳይቀናጁ ይርገበገባሉ፤ ደምም መርጨት ያቆማሉ።

የኤሌክትሪክ ንዝረት ይህን መርገብገብ እንደሚያስቆም በጄኔቫ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1899 በእንስሳት ላይ አሳይተው ነበር። በቤክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ካርል ዊገርስ ደግሞ በውሾች ላይ ባደረጉት ምርምር አንድ ወሳኝ ነገር አስተዋሉ። ደም ተቋርጦበት የቆየ ልብ ንዝረት ብቻውን ቢሰጠው በአግባቡ አይመታም፤ አስቀድሞ በእጅ ተጨምቆ ኦክስጅን ያዘለ ደም ወደ ጡንቻው ሲመለስ ግን ለንዝረቱ ምላሽ ይሰጣል። ንዝረቱ ለልብ ኃይል አይጨምርለትም፤ የተናጋውን እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ገትቶ፣ ልብ በራሱ ሥርዓት ዳግም እንዲመታ ዕድል ይሰጠዋል።

ቤክ በታዳጊው ላይ የተከተሉት ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ልቡን እየጨመቁ ደም ወደ አንጎሉና ወደ ልቡ ጡንቻ እንዲደርስ አደረጉ። በሰው ላይ ተሳክቶለት የማያውቅ የንዝረት መሣሪያም ቀረበ፤ ሁለቱ ማስተላለፊያዎች በቀጥታ በልቡ ላይ ተደረጉ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ልቡን መጭመቁ ቀጠለ፤ መድኃኒትም ተሰጠ። በድጋሚ ንዝረት ሲሰጠው ልቡ በሥርዓት መምታት ጀመረ። ታዳጊው ከነሙሉ አእምሮው አገግሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በኤሌክትሪክ ንዝረት ልቡ ዳግም የመታለት የመጀመሪያው ሰው እርሱ እንደ ሆነም ይታወቃል።

በ1955 ደግሞ አንድ የ65 ዓመት ሐኪም ከሆስፒታል ሲወጡ በልብ ሕመም ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ በዚሁ ዘዴም ከሞት ተረፉ። ቤክና ባልደረቦቻቸው ይህን በማግስቱ ዓመት ሲያሳትሙ፣ ዘዴው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ውጪም እንደሚሠራ ታወቀ። ቤክ ከ1950 ጀምሮ ሌሎች ሐኪሞችን ይህን ሙያ ሲያስተምሩ ኖረው በ1971 አረፉ።

ዛሬ ደረት መክፈት ሳያስፈልግ ንዝረት የሚሰጡ መሣሪያዎች በአውሮፕላን ማረፊያዎችና በገበያ ማዕከላት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይታያሉ። ቅደም ተከተሉ ግን አልተለወጠም። አንድ ሰው ተዝለፍልፎ ሲወድቅ፣ ሲጠሩት ሳይመልስና በአግባቡ ሳይተነፍስ ሲቀር፣ የድንገተኛ አደጋ እርዳታ ይጠራል፤ መሣሪያው እስኪደርስም የደረቱ መሐል በሁለት እጅ በኃይልና በፍጥነት ይጫናል። እነዚያ ደቂቃዎች ጡንቻው ደም አግኝቶ ለንዝረቱ ምላሽ መስጠት እንዲችል የሚያቆዩት ናቸው።