የጄምስ ጁል ሕይወት በአጭሩ

እኛ የይፋግ ልጆች ርብ በፎገራ ሜዳ ዐልፎ ጣና ሲገባ እያየን ስላደግን፣ የገባና የወጣ ሒሳብ እንግዳ አይሆንብንም። ወደ ሐይቁ የገባው ውሃ ወይ ይወጣል፣ ወይ ይተናል፣ ወይ ሐይቁን ይሞላል። ጉልበትም እንዲሁ እንደሚቈጠር በልኬት ያሳየን ጄምስ ጁል ነው።

ጁል በእንግሊዝ አገር በሳልፎርድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1818 ዓ.ም. ከቢራ ጠማቂ ቤተ ሰብ ተወለደ። የዩኒቨርሲቲ ወንበር አልነበረውም። ሥራ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ በ1843 ቢያስረዳ ሊቃውንቱ ዝም አሉት። እርሱ ግን ውሃን በመቅዘፊያ እያማሰለ መለካቱን አልተወም፤ በ1847 ወጣቱ ዊልያም ቶምሰን ነገሩን አስተዋለለት። በዚያው ዓመት ጁል በአልፕስ ተራሮች የፏፏቴን ሙቀት ሊለካ ሞክሮ ፍንጣቂው አሰናከለው። በእኛ ጢስ ዓባይ እንኳ 42 ሜትር የወደቀ ውሃ፣ ጉልበቱ ሁሉ ሙቀት ቢሆን፣ የሚሞቀው የአንድ ዲግሪ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው።

ከ1852 ጀምሮ ሁለቱ ሙቀት በማያስገባና በማያስወጣ ቧንቧ ውስጥ አየርን በጠባብ መተላለፊያ አሳለፉ። የገባው መጠነ ቁስ ወጣ፤ ኤንታልፒው ሳይለወጥ አየሩ ቀዘቀዘ። የማቀዝቀዣ ቫልቭ ሒሳብ ዛሬም ይኸው ነው።

ጁል በ1889 ዐረፈ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ 772.55 የሚል ቍጥር ተቀርጿል፤ አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋሬንሃይት የሚያሞቀው ሥራ በፉት ፓውንድ ነው። እኛም ሒሳባችን ሲጐድል ጐደሎውን በግምት ሳንሞላ መልሰን እንለካ።