ካሚሎ ሮንዳኒና የማሽላ ቡቃያ ዝንብ

በመርሳና በግራና ዙሪያ የሚያርስ ገበሬ የማሽላው ቡቃያ ከበቀለ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉት የመካከለኛው ቅጠል ጠውልጎና ደርቆ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ቅጠሉን ሲስበው ያለ ችግር ተመዝዞ ይወጣል፤ የተቆረጠው ጫፍ በስብሶ ይሸታል፤ ከግንዱ ውስጥም አንዲት ትንሽ ትል ትገኛለች። እናቲቱ ከቤት ዝንብ የምታንስ ግራጫ ዝንብ ናት፤ ነጭ እንቁላሏን በቅጠሉ የታችኛው ገጽ ላይ ጥላ ትበራለች። ትሏ ወደ ቡቃያው መካከል ዘልቃ የሚያድገውን ጫፍ ትቆርጣለች፤ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላም በተራዋ ዝንብ ሆና ትወጣለች። ለዚህች ዝንብ በ1871 «አቴሪጎና ሶካታ» የሚለው ስም የተገኘው ካሚሎ ሮንዳኒ ከተባለ ኢጣሊያዊ ሊቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሮንዳኒ ስሙ በዝንብ አጥኚዎች ዘንድ የታወቀ ቢሆንም፣ ሥራው የሚነካቸው ገበሬዎች ስለ እርሱ የሰሙት ነገር የለም። ስለዚህ ሕይወቱን ባጭሩ መተረክ ተገቢ ይሆናል።

ሮንዳኒ በ1808 በሰሜን ኢጣሊያ በምትገኘው በፓርማ ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ኢጣሊያ ገና አንድ መንግሥት አልሆነችም ነበር፤ ፓርማም ልጁ ሳያድግ የናፖሊዮን ባለቤት የነበረችው ማሪያ ሉዊዛ የምትገዛት ትንሽ መስፍናዊ ግዛት ሆነች። ሮንዳኒ የመጀመሪያ ትምህርቱን የተማረው ካህናት በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ነው። ኋላ ግን በሙቀት ጨረር ምርምሩ ስመ ጥር የሆነው የፊዚክስ መምህር ማቼዶኒዮ ሜሎኒ ወደ ተፈጥሮ ጥናት አበረታታው፤ የዕፀዋት ሊቁ ጆርጆ ያን ደግሞ ነገሮችን እያዩ መለየትንና በየወገናቸው መመደብን አስተማረው። ከዚያ በኋላ ሮንዳኒ ዕድሜውን የሰጠው ሌሎች ንቀው ለሚተዋቸው ባለ ሁለት ክንፍ ነፍሳት፣ ማለትም ለዝንቦች፣ ለትንኞችና ለመሰሎቻቸው ነበር።

ከቀደሙት ሥራዎቹ አንዱ ለአገራችን የጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በ1840 ዛሬ የአሸዋ ዝንብ ለምንለው ደም መጣጭ ነፍሳት «ፍሌቦቶሙስ» የሚለው የወገን ስም ከእርሱ ጥናት ወጣ፤ በ1843ም ከዚያው ቤተሰብ አንዲት ጥቃቅን ዝርያ ገልጾ ሰየመ። ይህን ሲያደርግ ነፍሳቱ በሽታ እንደሚያስተላልፉ የሚያውቅ አልነበረም። የአሸዋ ዝንቦች የሊሽማንያን ጥገኛ ተሕዋስያን እንደሚያስተላልፉ የተረጋገጠው በ20ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በመተማና በሑመራ ቆላ ካላአዛርን የምታስተላልፈው፣ በደጋው አገርም ቁንጭርን የምታመጣው ዝንብ ሁለቱም በዚሁ የወገን ስም ይጠራሉ።

ሮንዳኒ በፓርማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት መምህር ስለ ነበረ ዝንብን የሚያጠናው ለስም ብቻ አልነበረም። የትኛው ነፍሳት የትኛውን ሰብል እንደሚበላ፣ እርሱንም ደግሞ የትኛው ጥገኛ እንደሚያጠፋው እየመዘገበ፣ ጥገኛ ነፍሳትን ከነሰለባዎቻቸው የሚዘረዝር ሰፊ መዝገብ በ1870ዎቹ አሳትሟል። ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ መከላከል የሚለው ሐሳብ ዛሬ በሰብል ጥበቃ ትምህርት ውስጥ የታወቀ ነው፤ ሮንዳኒ በኢጣሊያ ለዚህ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነው። ዋናው ሥራው ግን ከ1856 ጀምሮ በላቲን ቋንቋ በተከታታይ ክፍሎች የታተመው የኢጣሊያ ዝንቦች መጽሐፍ ነው። የማሽላዋ ዝንብ የምትመደብበትን «አቴሪጎና» የተባለውን ወገን ያቆመውም በዚያው በ1856 ነው። የጤፍን ቡቃያ የምታጠቃው ዝንብም በዚሁ ወገን ውስጥ ትቆጠራለች።

ከምሥራቅ አፍሪቃ ጋር ያገናኘው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1870 የኢጣሊያ ተጓዦች ኦራዚዮ አንቲኖሪና ኦዶአርዶ ቤካሪ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ መጥተው፣ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በከረን ዙሪያ ወዳለው ወደ ቦጎስ አገር ወጡ። ዘመኑ የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት የገዛበት ዘመን ስለ ነበረ፣ የሳይንስ ጉዞና የቅኝ ግዛት ፍላጎት ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ተጓዦቹ ከሰበሰቧቸው ነፍሳት መካከል በጄኖቫ ቤተ መዘክር የተቀመጡትን ዝንቦች ሮንዳኒ መርምሮ ውጤቱን በ1873 አሳተመ። አንቲኖሪ ኋላ ወደ ሸዋ ዘልቆ በ1882 በአንኮበር አቅራቢያ በልጥ ማረፊያ ሞተ። ሮንዳኒ ግን እነዚህን ነፍሳት ያወቃቸው በመርፌ ተሰክተው በደረሱት ቅሪቶች ብቻ ነው።

የሮንዳኒ ሥራ ጉድለት አልነበረውም አይባልም። አዳዲስ ወገኖችን ለማቆም ይቸኩል ስለ ነበር፣ ካወጣቸው ስሞች ብዙዎቹ ቀድመው የተሰየሙ ነፍሳት ተደራቢ ስሞች ሆነው ቀርተዋል። የማሽላዋ ዝንብም ነገር ቶሎ አልጠራም። የአቴሪጎና ሴቶች እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ በአፍሪቃና በእስያ የሠሩ ባለሙያዎች ይህችኑ አንዲት ተባይ ለረጅም ጊዜ በተለያዩ ስሞች ሲጽፉላት ኖረዋል። ጥርጣሬው የቀነሰው የወንዶቹን የሆድ ጫፍ በአጉሊ መነጽር መመርመር ከተለመደ በኋላ ነው፤ በዚያ ያለው ጉብታና ባለ ሦስት ቅርንጫፍ አካል በየዝርያው ይለያያል። ምርመራው ሲደረግ የሮንዳኒ የ1871 ስም ጸንቶ ተገኘ።

የስም ነገር የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ የሚታየው በማሳው ላይ ነው። በሰሜን ወሎ ቆላ ገበሬው በሚያዝያ የዘራው የረጅም ጊዜ ማሽላ ዝናብ አጥቶ ሲጠፋበት፣ በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይተካል። ዘግይቶ የበቀለ ቡቃያ ግን የዝንቧ ቁጥር በበዛበት ጊዜ ስለሚደርስ ጉዳቱ ይከፋበታል። ቡቃያቸው አንጸባራቂና በቅጠሉ ጀርባ ጥቃቅን ጠጉር ያለው የማሽላ ዓይነቶች ዝንቧን የተሻለ ይቋቋማሉ። በሐብሩ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በመሳሰሉት ስፍራዎች የሚሠራ ተመራማሪ በሌላ አገር የተደረገ ሙከራ ለእርሱ ይጠቅመው እንደ ሆነ የሚያውቀው፣ በሁለቱም ስፍራ ያለችው ተባይ አንድ ዝርያ መሆኗ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ስሙ ከተሳሳተ ምክሩም ይሳሳታል፤ የተሳሳተ ምክር ዋጋ ደግሞ የሚከፈለው ከገበሬው ጎተራ ነው።

ሮንዳኒ በመስከረም 1879 በዚያው በተወለደባት በፓርማ አረፈ። የዝንቦቹ ስብስብ በፊሬንሴ ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይኖራል፤ ስሞቹን የሚጠራጠር ሁሉ ወደዚያ ሄዶ ሊያመሳክር ይችላል። ለእኛ ሙያ የተወው ትምህርትም ይኸው ነው። እርሱ የቸኮለባቸውን ስሞች ተከታዮቹ ሊያርሙ የቻሉት ናሙናዎቹ ስላልጠፉ ነው፤ እኛም ከየማሳው የምንሰበስበውን ዝንብ ቦታውንና ቀኑን ጽፈን በሥርዓት ካላስቀመጥን፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ስሕተታችንን የሚያርምበት ማስረጃ አያገኝም።