ሥልጣን የያዘው ቄስ፦ የአብርሃም ካይፐር ነገር

ስካር፣ ዝሙትና ቁማር በሕግ ይከልከሉ ወይስ ለንስሐ አባት ይተዉ የሚለው ክርክር ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አልፎ ቪዲዮዎቻችን ሥር ከገባ ሰንብቷል። ዛሬ ታዲያ ይህንን ጥያቄ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቀመሰውን ሰው እናነሳለን። ዴንሃግ ላይ በስሙ መንገድ አለው። ስንቶቻችን ታክሲ ነጂዎች ደንበኛ እዚያ አውርደን ይሆናል፤ ማን ነበር ብለን ግን አንጠይቅም።

አብርሃም ካይፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ሮተርዳም አጠገብ፣ ማስስላውስ ተወለደ። አባቱ ቄስ ነበሩ፣ እሱም ላይደን ተምሮ ቄስ ሆነ። በ1863 ቤስድ በምትባል መንደር ሲመደብ አንዲት የወፍጮ ቤት ልጅ ስብከቱ እምነት የለውም ብላ ቀረችበት። ሄዶ አነጋገራት። ዶክተሩ ከገበሬዋ ተማረ ማለት ነው፤ ራሱም ይህንን ውለታ አልካደም። በ1870 አምስተርዳም ገባ፣ በ1872 ጋዜጣ ጀመረ፣ በ1874 ፓርላማ ሲመረጥ ቅስናውን ተወ፣ በ1879 ፓርቲ አቋቋመ።

ዋናው ጦርነት ግን ትምህርት ቤት ነበር። በ1878 የወጣው ሕግ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን ወጪ ከባድ አደረገው፤ መንግሥት ደግሞ ሳንቲም አይሰጣቸውም። ከ300 ሺህ በላይ ፕሮቴስታንቶች ንጉሡ እንዳይፈርሙ ለመኑ፣ ንጉሡ ግን ፈረሙ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ካይፐር ትምህርት ቤቱ ሁሉ የክርስቲያን ይሁን አላለም። ለኛም የኛ፣ ለእነሱም የእነሱ፣ ገንዘቡም እኩል ነው ያለው። በ1917 ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። ዛሬ ሮተርዳምና ዴንሃግ የእስላምና የሂንዱ ትምህርት ቤቶች በመንግሥት በጀት የሚሠሩት በዚሁ አንቀጽ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ የ1561 የእምነት መግለጫ መንግሥት ጣዖት አምልኮንና የሐሰት አምልኮን ያጥፋ ይል ነበር። ካይፐር ይህንን ተቃወመ፤ በ1905 ሲኖዶሳቸው ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘው። የከረሩት አልተቀበሉትም፣ ኤስ ኤች ፔ የሚባለው ፓርቲ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። በኛ አገር በዚያው ዘመን፣ በ1870 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የወሎ እስላም እንዲጠመቅ አዘዋል። መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ ብዙ ሰው ግን ወይ ሸሸ፣ ወይ ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። እኛን ከጠየቃችሁን በዚህ ነገር ካይፐር ይበልጣል። ደግሞስ እዚህ አገር አናሳዎቹ እኛ አይደለን?

ግን ቅዱስ አናድርገው። ከ1901 እስከ 1905 ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ፣ በ1903 የባቡር ሠራተኞች ሥራ ቢያቆሙ አድማቸውን ወንጀል አድርጎ ደነገገ። እኛ መሪ ጨብጠን የምናድር ሰዎች ይህቺን አንረሳለትም! በ1904 የመጠጥ ሕግ ወጣ። እሱ ከሥልጣን ከወረደ በኋላም ያቀናጃቸው የፕሮቴስታንትና የካቶሊክ ፓርቲዎች በ1911 የሥነ ምግባር ሕግ አወጡ። ሴተኛ አዳሪ ቤት ማካሄድ ተከለከለ፤ ለተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ብቻ የዕድሜው ገደብ 21 ሆነ። ይኸኛው በ1971፣ የቤቶቹ ክልከላ ደግሞ በ2000 ተነሣ። 89 ዓመት ሙሉ ሕጉ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ፣ የአምስተርዳም ቀይ መብራት ጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን ሥር እያየነው በራ። ፖሊሱም አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ሕግ ነው እንግዲህ ወገኖቻችን የሚሟገቱት።

ሌላም አለ። በ1898 አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ላይ ባደረገው ንግግር ስለ አፍሪካውያን ያለው የሚያሳፍር ነው። ለደቡብ አፍሪካ ቦኤሮች ቆሞ ተከራክሯል፤ በኋላ የአፓርታይድ ሰዎች ሐሳቡን ለራሳቸው ጠምዝዘው ተጠቀሙበት። ለእያንዳንዱ የራሱ የሚለው ነገር ከቆዳ ቀለም ጋር ሲጋባ ምን እንደሚወልድ እኛ አፍሪካውያን እናውቀዋለን።

ካይፐር ኅዳር 1920 በ83 ዓመቱ ዴንሃግ አረፈ፣ ኦውድ ኤይክ ኤን ዳውነን ተቀበረ። በ1880 ለካልቪን ተከታዮች ብሎ አምስተርዳም የከፈተው ነጻ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም አለ፤ የኢስላም ሥነ መለኮት ጭምር ይማሩበታል።