ፍሪትዝ ሃበር፦ አንድ ዒልም፣ ሁለት መንገድ



ውድ የጀመዓችን እህትና ወንድሞች! በዚህ አምድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው የቀደምት ሙስሊም ሊቃውንትን ሕይወት ነው። ዛሬ ግን ሙስሊም ያልነበረን አንድ ጀርመናዊ ኬሚስት ይዘን ቀርበናል። ስሙ ፍሪትዝ ሃበር ይባላል። በመጀመሪያ ዓመት የኬሚስትሪ ትምህርት የሃበርን ዘዴ ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል። ስለ ሰውየው ግን ማንም አልጠየቀንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ታሪኩ ዒልም ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ትልቅ ትምህርት ስላለው በዚህ እትም ልናካፍላችሁ ወደድን።

ሃበር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1868 በብሬስላው ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ናት። እናቱ እርሱን በወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞተች። አባቱ የቀለምና የመድኃኒት ነጋዴ ነበር፤ ልጁም ንግዱን እንዲወርስ ይፈልግ ነበር። ሃበር ግን ልቡ ወደ ቤተ ሙከራ አዘነበለ። በ1891 ዶክትሬቱን በርሊን ላይ አገኘ፤ በ1894 ደግሞ ካርልስሩኸ በሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። በ1901 ክላራ ኢመርቫርን አገባ። ክላራ ራሷ ኬሚስት ነበረች፤ በብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም ናት።

በዚያ ዘመን አውሮፓን ያስጨነቃት ጉዳይ የአፈር ማዳበሪያ ነበር። ሕዝቡ እየበዛ፣ መሬቱ እየደከመ ሄደ። ሰብል ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ የናይትሮጅን ዋና ምንጭ ደግሞ ከቺሊ በረሃ በመርከብ የሚመጣ የጨው ማዕድን ነበር። እርሱም አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም። የሚገርመው ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑ ነው። ሱብሓነላህ! ሪዝቁ ዙሪያችንን ሞልቷል፤ ነገር ግን ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች በሦስት እጥፍ ትስስር ተቆላልፈው ስለሚኖሩ ተክሉ በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ሃበር ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ አሞኒያ ለመሥራት ተነሣ።

እዚህ ላይ የኬሚካዊ ለውጥን ፍጥነት የሚወስኑ ነገሮችን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከቤታችን እንጀምር። የእንጀራ ሊጥ በቆላ ቶሎ ይቦካል፣ በደጋ ይዘገያል፤ ይህ የሙቀት ሥራ ነው። ግንድ እንዳለ ከሚነድ ይልቅ ተፈልጦ ጭራሮ ሲሆን ቶሎ ይያያዛል፤ ይህ ደግሞ አየር የሚያገኘው ገጽታ በመስፋቱ ነው። ጋዞች ሲሆኑ በግፊት ሲታመቁ ቅንጣቶቻቸው ይቀራረባሉ፤ በተቀራረቡ ቁጥርም ግጭታቸው ይበዛል። አራተኛው ካታሊስት ነው። ቅንጣቶቹ ተራራውን በአናቱ እንዳይሻገሩ በጎን በኩል ዝቅ ያለ መተላለፊያ ይከፍትላቸዋል፤ ራሱ ግን በመጨረሻ ሳያልቅ ይቀራል።

የሃበር ችግር እነዚህ ነገሮች እርስ በርሳቸው መጋጨታቸው ነበር። አሞኒያ ሲፈጠር ሙቀት ይለቅቃል። ስለዚህ ሙቀቱ ዝቅ ቢል ብዙ አሞኒያ ሊገኝ ይችላል፤ ግን ለውጡ እጅግ ዘገምተኛ ከመሆኑ የተነሣ ዕድሜ ልክ ቢጠበቅም ጠብ የሚል ነገር የለም። ሙቀቱ ከፍ ቢል ለውጡ ይፈጥናል፤ ነገር ግን የተፈጠረው አሞኒያ መልሶ ይበታተናል። መጀመሪያ በ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞክር ያገኘው ከምንም የማይቆጠር ነበር። ውጤቱንም ታዋቂው ቫልተር ኔርንስት በባለሙያዎች ስብሰባ ፊት ነቀፈበት። ሃበር አፍሮ አልተቀመጠም፤ ልኬቱን እንደገና ሠራ።

መፍትሔው ከሁለቱም ወገን የሚረዳውን ነገር መያዝ ነበር፤ ይኸውም ግፊት ነው። አራት እጅ ጋዝ ተዋህዶ ሁለት እጅ አሞኒያ ስለሚሆን፣ ግፊት ሲጨምር ለውጡም ይፈጥናል፣ ምርቱም ይበዛል። ሮበርት ለ ሮሲኞል የተባለ እንግሊዛዊ ረዳቱ 200 አትሞስፌር አካባቢ የሚችል መሣሪያ ሠራ። ሙቀቱን ወደ 500 እና 600 ዲግሪ አወረዱት፤ የጎደለውን ፍጥነት ኦስሚየም በተባለ ብረት ካታሊስትነት ሞሉት። አሞኒያውን እያቀዘቀዙ ያወጡታል፤ ያልተዋሃደውን ጋዝ ደግሞ መልሰው ያዞሩታል። በሐምሌ 1909 የባስፍ ኩባንያ ሰዎች በተገኙበት መሣሪያው አሞኒያ በጠብታ ማውጣት ጀመረ፤ መጠኑ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ያህል ነበር።

ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ ያሻገረው የኩባንያው መሐንዲስ ካርል ቦሽ ነው። ኦስሚየም በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አልቪን ሚታሽ በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች አድርጎ ርካሽ ካታሊስት አገኘ፤ እርሱም ከአሉሚኒየም ኦክሳይድና ከፖታሲየም ጋር የተቀላቀለ ተራ ብረት ነው። ሃይድሮጅኑ የብረቱን ግድግዳ እየበላ ቧንቧዎቹን ሲያፈነዳባቸውም ቦሽ ውስጡን በለስላሳ ብረት ለብዶ ችግሩን ፈታው። በ1913 ኦፓው ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ዛሬ የዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ መንገድ በተገኘ ናይትሮጅን ታግዞ እንደሆነ ይገመታል። ገበሬ ወላጆቻችን በክረምት ወረፋ ይዘው የሚገዙት ዩሪያም የሚሠራው ከአሞኒያ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ! በ1914 ጦርነት ተነሣ። አሞኒያ ወደ ናይትሪክ አሲድ፣ ናይትሪክ አሲድም ወደ ፈንጂ ይለወጣል። የቺሊ ማዕድን በባሕር ላይ የታገደባት ጀርመን ጥይቷን የሠራችው በዚሁ ዒልም ነው። ሃበር በዚህ አላበቃም። ክሎሪን ጋዝን መሣሪያ ለማድረግ ራሱ ፈቅዶ ገባ። ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ቤልጂየም ውስጥ በኢፕር ግንባር ከ150 ቶን በላይ ክሎሪን በነፋስ ተለቀቀ። በቦዩ ውስጥ የነበሩ ወታደሮች ሳንባቸው ተቃጥሎ አለቁ። ሃበር በቦታው ተገኝቶ ሥራውን መርቷል። ጋዝ ምን ያህል ሲሆን፣ በስንት ደቂቃ ሰው እንደሚገድል የሚያሰላውና በስሙ የሚጠራው ቀመርም የእርሱ ነው። ማዳበሪያውን የወለደው የመጠንና የጊዜ ስሌት እዚህ ሌላ ሥራ ተሰጠው።

ከኢፕር አሥር ቀን በኋላ ሚስቱ ክላራ በባሏ ሽጉጥ ሕይወቷን አጠፋች። ምክንያቷ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሃበር ግን ወዲያው ወደ ምሥራቁ ግንባር ሄደ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ከሐዘኑ ጋር እቤት ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ ለአሞኒያ ሥራው የ1918ቱን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ሽልማቱን የተቃወሙም ነበሩ። አገሩ ከተጫነባት የጦር ካሣ እንድትገላገል ከባሕር ውኃ ወርቅ ለማውጣት ዓመታት ደከመ፤ አልተሳካም። ሃበር በወጣትነቱ ወደ ክርስትና ገብቶ ነበር፤ ለአገሩም ሁሉን ሰጥቷል። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ግን ይህ አላዳነውም። አይሁዳውያን ባልደረቦቹን እንዲያባርር ሲታዘዝ ከኃላፊነቱ ለቀቀ፤ አገሩንም ጥሎ ወጣ። ጥር 29 ቀን 1934 በስደት ላይ ሳለ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በልብ ሕመም ሞተ። እርሱ ይመራው በነበረው ተቋም ለተባይ ማጥፊያ ከተጀመረው የሳያናይድ ጥናት ላይ የተገነባ ጋዝ፣ ከሞቱ በኋላ ናዚዎች ሚሊዮኖችን የፈጁበት አንዱ መሣሪያ ሆነ። ከሟቾቹ መካከል የራሱ ዘመዶችም ነበሩ።

የመርዝ ጋዝ ለኛ አገርም እንግዳ አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. በወረረን ጊዜ ከአውሮፕላን ያዘነበችው የሰናፍጭ ጋዝ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል አያቶቻችንን አቃጥሏል። ያንን ጋዝም ያዘጋጁት የተማሩ ሰዎች ናቸው።

እህትና ወንድሞች! ይህን የጻፍነው በሃበር ለመፍረድ አይደለም፤ ፍርዱ የአላህ (ሱ.ወ.) ነው። እኛን ያስደነገጠን ሌላ ነገር ነው። ሃበር ሰነፍ አልነበረም፣ ውጤቱም የሁላችንም ምኞት ነው። ካታሊስት ፍጥነት ይጨምራል እንጂ ለውጡ የት እንደሚደርስ አይወስንም። ዒልምም እንዲሁ ነው። በውስጣችን ያለውን ኒያ ያፈጥነዋል፤ መልካሙንም ክፉውንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከማይጠቅም ዒልም በአላህ የተጠበቁት በከንቱ አይደለም። የቂያማ ቀንም በዒልማችን ምን እንደሠራንበት እንጠየቃለን እንጂ ስንት ነጥብ እንዳመጣን አንጠየቅም።

ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክት ስንመርጥ፣ ነገም ደመወዙ ጥሩ የሆነ ሥራ ሲመጣልን፣ ይህ ሥራ መጨረሻው ማን ላይ ይወድቃል ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። ብቻችንን መመለስ ካቃተን ከመስጂድ ስንወጣ እንመካከርበት። አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፤ ያወቅነውንም ለፍጡራኑ እዝነት ያድርገው። አሚን።