ጆኒ በርኔትና ዘግይተው የተሰሙት ሸክላዎቹ

የአንድ ሰው ሥራ ዋጋ የሚለካው በሕይወት ሳለ ባገኘው ጭብጨባ ነውን? ወይስ ጭብጨባው ካለፈ በኋላ በሚቀረው ፍሬ? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የግድ የነገሥታትንና የፈላስፎችን ታሪክ ማገላበጥ አያስፈልግም። በ30 ዓመቱ የሞተው የአሜሪካዊው ዘፋኝ የጆኒ በርኔት ሕይወት በቂ ምሳሌ ይሆነናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆኒ በርኔት በ1934 ዓ.ም. ማርች 25 ቀን በቴኔሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ እሱም፥ ታላቅ ወንድሙ ዶርሲም በቡጢ ግጥሚያ የታወቁ ነበሩ። ጆኒ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በሚመላለሱ የጭነት ጀልባዎች ሠርቷል፤ ዶርሲና ጓደኛቸው ጊታር መቺው ፖል በርሊሰን ደግሞ በኤሌክትሪክ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ይሠሩበት በነበረው ድርጅት ውስጥ በ1954 ኤልቪስ ፕሬስሊ የተባለ ወጣት የጭነት መኪና ይነዳ ነበር።

የነዚህ ወጣቶች ሙዚቃ ከሁለት ምንጭ የተቀዳ ነው። አንደኛው የነጭ ባላገሮች ዘፈን ሲሆን፥ ሁለተኛው ብሉዝና ሪትም ኤንድ ብሉዝ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው። በዚያን ጊዜ በሜምፊስ ሕጉ ነጩንና ጥቁሩን በትምህርት ቤትና በአውቶቡስ ይለያይ ነበር፤ በራዲዮ የሚመጣውን ድምፅ ግን ሊከለክል አልቻለም። ከሁለቱ ቅልቅል የተወለደው ፈጣን ሙዚቃ ሮካቢሊ ተባለ፤ ይኸውም ሮክ ከሚለው ቃልና የተራራ አገር ባላገር መጠሪያ ከሆነው ሂልቢሊ ከሚለው ቃል የተገጣጠመ ስም ነው።

በ1956 ሦስቱ ጓደኛሞች ወደ ኒውዮርክ ሄደው በቴድ ማክ የቴሌቪዥን የጀማሪዎች ውድድር ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፉ። ወዲያውም ኮራል ከተባለው ሸክላ አሳታሚ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። ጆኒ እየዘፈነ፥ ዶርሲ ቆሞ የሚመታውን ትልቁን ባስ እየመታ፥ በርሊሰን በኤሌክትሪክ ጊታሩ እያጀበ በኒውዮርክ፥ ቀጥሎም በጁላይ ወር በናሽቪል ዘፈኖቻቸውን አስቀረጹ። ከእነዚህ መካከል «ዘ ትሬን ኬፕት ኤ ሮሊን» የተባለው ጊታሩ የተቀደደ ድምፅ እያወጣ የሚጮኽበት ነውና፥ በዘመኑ ከተሰሙት ቅጂዎች ሁሉ የተለየ ነበር።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል ሁለት ነገሮች መነገር አለባቸው። አንደኛ፥ ይህን ዘፈን በ1951 አስቀድሞ በሸክላ ያስቀረጸው ታይኒ ብራድሾ የተባለው ጥቁር የባንድ መሪ ነው። ሁለተኛ፥ ያንን ጊታር የመታው በርሊሰን ነው ወይስ የናሽቪሉ ባለሙያ ግሬዲ ማርቲን የሚለው ነገር አዋቂዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በሸክላ ላይ የተጻፈ ስም የሠራተኞቹን ሁሉ ድርሻ እንደማይናገር ከዚህ እንረዳለን።

ገበያው ግን ለእነዚህ ሸክላዎች ጆሮ አልሰጠም። በአገሪቱ ዋና የሽያጭ ዝርዝር ውስጥ አንዳቸውም አልገቡም። ጉዞው አድካሚ፥ ገንዘቡም ጥቂት ስለ ነበረ ወንድማማቾቹ ተጣሉና ዶርሲ በ1956 መጸው ከቡድኑ ወጣ። በ1957 ከኮራል ጋር የነበረው ውል ሲያበቃ የቡድኑም ነገር አበቃ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ታርቀው ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ። በዚያም ለታዋቂው ወጣት ዘፋኝ ለሪኪ ኔልሰን ዘፈን እየደረሱ መኖር ጀመሩ፤ በ1958 የወጣው «ቢሊቭ ዋት ዩ ሴይ» የእነርሱ ድርሰት ነው። ጆኒ ራሱ ዝና ያገኘው በ1960 ነው። «ድሪሚን» የተባለው ዘፈኑ በአሜሪካ 11ኛ፥ «ዩር ሲክስቲን» የተባለው ደግሞ 8ኛ ደረጃ ደረሰ። ነገር ግን እነዚህ በቫዮሊን የታጀቡና የለሰለሱ ናቸው፤ የሜምፊሱ ቁጣ በውስጣቸው የለም። ሕዝቡ ለጆኒ ዋጋውን የከፈለው ቁጣውን ባበረደ ጊዜ ነው። የልጆች አባት ነበረና እንጀራውን በዚህ መንገድ በማግኘቱ ልንወቅሰው አይገባንም።

በ1964 ኦገስት 14 ቀን ጆኒ በካሊፎርኒያ በክሊር ሌክ ሐይቅ ላይ ዓሣ በማጥመድ ላይ ሳለ፥ መብራት ያልነበራትን ትንሿን ጀልባውን በጨለማ አንድ ትልቅ ጀልባ ገጫት። ጆኒም ሰጥሞ ሞተ።

ከሞተ በኋላ የሆነው ነገር ያስደንቃል። በ1965 ያርድበርድስ የተባሉት እንግሊዛውያን ያንኑ የባቡር ዘፈን እንደገና ተጫወቱት፤ በ1974 ደግሞ ኤሮስሚዝ የተባለው የአሜሪካ ቡድን ተከተላቸው። ገዢ አጥቶ የነበረው የ1956 ሸክላ የሮክ ጊታር መቺዎች መማሪያ ሆነ። ውሎ አድሮም ቤር ፋሚሊ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ጆኒ ከ1955 እስከ 1964 የቀረጻቸውን ሁሉ ሰብስቦ በ9 ሲዲዎች አወጣ። ይህን ስብስብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ የሚሰማ ሰው፥ አንድ ድምፅ ከወንዝ ዳር ጩኸት ተነሥቶ ወደ ለስላሳ ዜማ ሲሄድ ይከተላል፤ የትኛው እንደሚበልጥም በራሱ ጆሮ ይፈርዳል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሽያጭ ዝርዝር የሚነግረን ሰው በዚያ ሳምንት ምን እንደ ገዛ ብቻ ነው። ምን ሊሰማ ይገባው እንደ ነበረ ግን አይነግረንም። ጆኒ በርኔት ፍርዱ ሲገለበጥ ለማየት አልታደለም። ስለዚህ ዛሬ በመካከላችን ሰሚ ያጣ ዘፋኝ፥ አንባቢም ያጣ ደራሲ ቢኖር፥ ሞቱን ሳንጠብቅ ጆሮአችንን ብናውሰው ከፈራጆች ሁሉ የተሻልን ፈራጆች እንሆናለን።