በባዶ እግሩ አገር የለካ ሰው

አንቷን ዳባዲ በ1810 ዓመት በአየርላንድ አገር በደብሊን ከተማ ተወለደ። (በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።) አባቱ ፈረንሳዊ፥ እናቱም የአየርላንድ ሴት ነበረች። ገና ልጅ ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ አገር ሄደ። ካደገም በኋላ ሩቅ አገር ለማየት ስለ ተመኘ፥ ምድር የምትለካበትን ትምህርት ተግቶ ተማረ። በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ ወደብ ወርዶ ወደ ጎንደር ወጣ። ነገር ግን የያዘው የመለኪያ መሣሪያ እንደማይበቃው ባየ ጊዜ፥ ያን ሁሉ መንገድ ወደ አገሩ ተመልሶ የሚሻለውን ይዞ መጣ።

በዚያ ዘመን ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወስደው ታላቁ መንገድ የሲራራ ነጋዴ የእግር መንገድ ነበር። ይህ መንገድ ከጎጃም፥ ከባሶ ገበያ ተነሥቶ ዓባይን ይሻገራል፤ በጉዱሩ አልፎ እናርያ ይደርሳል፤ ከዚያም የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ከፋ ይገባል። ወደዚያ አሞሌ ጨው ይሄዳል፤ ከዚያም ቡና፥ ኮረሪማ፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣል። እጅግ የሚያሳዝነው ግን፥ በባርነት የተሸጡ ሰዎች፥ ሕፃናት እንኳ ሳይቀሩ፥ በዚሁ መንገድ ይነዱ ነበር።

ዳባዲም እንደ አገሩ ሰው ሸማ ለብሶ በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር። ኮረብታ ባገኘ ጊዜ ወደ ላይ ወጥቶ በመሣሪያው የሩቁን ተራራ ያይና አቅጣጫውን ይጽፋል። ከዚያም ወደ ሌላ ኮረብታ ሄዶ ያንኑ ተራራ ደግሞ ያያል። ከሁለቱ ኮረብታዎች የተሰመሩት መሥመሮች በወረቀት ላይ በሚገናኙበት ነጥብ የተራራው ስፍራ ይታወቃል። ከፍታውንም የሚያውቀው ውሃ በማፍላት ነበር፤ በደጋ ውሃ ከቆላው ይልቅ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና። ሰማዩ በጉም ከተሸፈነ ግን እስኪገለጥ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ብልሃት አልነበረውም። እንዲህ እያደረገ ከ800 የሚበልጡ ስፍራዎችን ለካ።

በ1843 እናርያ ደረሰ። የእናርያ ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ነገሥታት ወገን ሚስት አጭቶ ነበርና፥ ሙሽራይቱን ለማምጣት ከተላኩት ሰዎች ጋር ዳባዲም ወደ ቦንጋ ሄደ። በዚያም የቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ አንድ ነገር ነበር፤ የነጭ ዓባይን ምንጭ ፈልጎ ለማግኘት። በ1846 ከወንድሙ ጋር የጊቤን ወንዝ ምንጭ ባገኘ ጊዜ፥ የነጭ ዓባይ ምንጭ ይህ ነው ብሎ አመነ፤ የአገሩንም ሰንደቅ ዓላማ በዚያ ተከለ። ነገሩ ግን ስሕተት ነበር።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1850 ጎጃምን ያየ ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ ተነሣበት። ስለ ዓባይ የተናገረው ሐሰት ነው ብቻ ሳይሆን፥ ከፋን በዓይኑ ማየቱም ያጠራጥራል ብሎ ጻፈ። ቢክ ከፓሪስ የምድር ጥናት ማኅበር የተቀበለውን የወርቅ ሜዳሊያ እንኳ በቍጣ መለሰ። ለመንገደኛ፥ ያልደረስክበትን ደርሻለሁ አልክ ከመባል የሚከፋ ስድብ የለም። ዳባዲም በኢትዮጵያ የለካውን ሁሉ ቍጥር በቍጥር እየዘረዘረ ከ1860 እስከ 1873 በመጽሐፍ አሳተመ። ስለ ወንዙ ቢሳሳትም፥ ስለ ተራሮቹ የጻፈው ልክ ከእርሱ በኋላ ካርታ ለሠሩ ሰዎች ጠቀማቸው።

በ1881 የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ፥ በአንዳይ፥ በሠራው ግንብ ግድግዳ ላይም የአማርኛ ጽሑፍ አለ፤ ዛሬ በዚያ ዳርቻ ባለው የእግር መንገድ አገር ለማየት የሚሄዱ ሰዎች በግንቡ አጠገብ ያልፋሉ። እርሱ በ1897 በፓሪስ ሞተ።

ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት ኢጣሊያዊው ቦተጎ የኦሞን ወንዝ ተከትሎ ወርዶ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ አየ። ጊቤም ወደ ኦሞ የሚገባ ነው፤ ስለዚህ ከነጭ ዓባይ ጋር አይገናኝም። ነገር ግን ከቦንጋ ወደ ምዕራብ ጥቂት ቀን በእግር ቢሄዱ የሸካ ደን ይገኛል። ከጌጫና ከማሻ አገር የሚወርደው ውሃ ወደ ባሮና ወደ ጊሎ ይሄዳል፤ ከዚያም በሶባት ወንዝ አልፎ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ዳባዲ ግን ከቦንጋ ወደ እናርያ ተመለሰ እንጂ እስከዚያ አልደረሰም።